በፈቃድ የመጣ ወታደርም ፊልም ይሰራለት

ለጋዜጣው አዘጋጅ

ሰላም ለናንተ ይሁን፣ የምጽፈው ከድሬ ነው። ሰሞኑን ኪስ ዘም ፎር ሚ የሚባል የድሮ የአሜሪካ ፊልም አየሁ፣ በ1957 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ኬሪ ግራንት የሚሰራበት። ታሪኩ 1944 ላይ ነው፣ ከፓስፊክ ጦርነት የመጡ የባህር ሃይል ፓይለቶች ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አራት ቀን ያርፋሉ፣ ሆቴል ይዘው ይጠጣሉ ይጨፍራሉ፣ አንድ መርከብ የሚያሰራ ሃብታም ደግሞ ሰራተኞቼን በንግግር አነቃቁልኝ እያለ አላስቀምጥ ይላቸዋል። ኮሜዲ ነው ግን እየሳቅክ ሆድህ ይባባል፣ ሰዎቹ እኮ የፈለጉት አራቷ ቀን እንዳታልቅባቸው ብቻ ነው።

እኛ ጋ ይሄ ለምንድነው የማይሰራው? እኔ ባየኋቸው ድራማዎች ወታደር ወይ ይዋጋል ወይ ይሰዋል ወይ ይፎክራል፣ ቤቱ ሲገባ ካሜራው ደጅ ይቀራል። አጎቴ በደርግ ጊዜ ከሰሜን ግንባር በፈቃድ ሲመጣ በድሬ ሙቀት ሁላችንም ግቢ ውስጥ ፍራሽ ዘርግተን ስንተኛ እሱ ግድግዳ ተጠግቶ ጫማውን ሳያወልቅ ነበር የሚተኛው። ቀን ቀን የሻለቃውን አነጋገር እያስመሰለ የሰፈሩን እናቶች ቡና ላይ በሳቅ ይገድላቸዋል፣ እናቴ ባለፈው አብሮህ የመጣው ልጅስ ስትለው ግን "እታለም በረካው አልደረሰም?" ብሎ ሲኒውን ይዘረጋል፣ ሌላ ቃል የለም። ይሄ ፊልም ካልሆነ ምን ይሆናል አቦ!

ቦታ ደግሞ ከድሬ በላይ የለም። በኦጋዴን ጦርነት ነሐሴ 1969 ውጊያው እዚሁ ከተማችን ድረስ መጥቷል፣ ሐረርም እስከ 1970 አጋማሽ ስትከበብ ነበር፣ ሐረር ዙሪያ ሲዋጋ የከረመ የድሬ ልጅ ለአንድ ቀን ፈቃድ አግኝቶ ደንገጎን ወርዶ እናቱ ቤት ሲገባ አስቡት፣ መንገዱ እኮ ሃምሳ ምናምን ኪሎሜትር ነው፣ ማታ እዚህ እራቱን በልቶ ጠዋት ምሽጉ ይመለሳል። የባቡር ጣቢያው አለ፣ የከዚራ ዛፎች አሉ፣ ለፊልም ሰሪ የተዘጋጀ ነው።

ፊልም ሰሪዎቻችን ይሄን ካነበቡ እባካችሁ ቶሎ በሉ፣ የዛን ዘመን ወታደሮች እያረጁ ነው። እናንተም የኪነጥበብ ገጻችሁ ላይ አነጋግሯቸው፣ ስለ ድሉ ብዙ ተጠይቀዋል፣ ፈቃድ ሲያገኙ መጀመሪያ ማን ጋ እንደሄዱ፣ ምን እንዳሳቃቸው፣ ሲመለሱ ለናታቸው ምን ብለው እንደወጡ ጠይቁልን።

አክባሪያችሁ
ከድሬዳዋ፣ ከዚራ