ይድረስ መሐል ሜዳ ላለችው ልጄ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 13 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ብርዱ ግን ዘንድሮ ጠንክሯል፤ ትናንት ለሚካኤል ማልጄ ስሄድ መንገድ ዳር ያለው ሣር በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር። ደብረ ብርሃን እንዲህ ከሆነ መንዝማ እንዴት ይሆን እያልኩ አንቺን ሳስብ ዋልኩ።

እሑድ ስንደዋወል የግቢው ቧንቧ ሌሊቱን ሙሉ እየተንጠባጠበ እንቅልፍ እንደነሳሽ፣ ከሥሩም ሳፋ እንዳስቀመጥሽ ነገርሽኝ። የመጣው ጠጋኝ «ቧንቧው ተነቅሎ በአዲስ ካልተተካ አይሆንም» ብሎ የጠራብሽን ዋጋም ሰማሁ፤ ገና ሥራ ለጀመረ አስተማሪ የሚቻል አይደለም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነገሩ አልለቀቀኝም። በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ይኸው ጻፍኩልሽ። ደብዳቤውን ከሚያደርስልሽ ልጅ አንድ ቋጠሮም ተቀበይ። ሦስት ጎሚኒ (ከቧንቧው ውስጥ ገብታ ውሃውን የምትዘጋ ትንሽ ጎማ)፣ አንድ ጥቅል ቴፍሎን፣ ካቻቢቴ፣ እንዲሁም እንደ ዳዶው ልክ የሚሰፋና የሚጠበው የአባትሽ ቁልፍ አለበት።

እኔም አባትሽ ካረፈ በኋላ ይኸው ቧንቧ መከራዬን አብልቶኛል። ሁለት ጊዜ ሰው ጠርቼ ሁለት ጊዜ ሙሉውን አስቀየርኩ። በሁለተኛው ጊዜ «አሮጌውን ተወው፣ አትውሰደው» ብዬ አስቀረሁትና ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ፈታሁት። ነሐሱ ምንም አልሆነም። ያለቀው ከውስጡ ያለች የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር ጎማ፣ ጎሚኒዋ፣ ብቻ ነበረች፤ ደርቃ እንደ ቀንድ ጠንክራለች፣ ፊቷ ላይም ክብ ጎድጓዳ መስመር ወጥቶባታል። በማግስቱ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ተመሳሳይዋን የገዛሁበት ብር ከአንድ ስኒ ቡና ዋጋ አይበልጥም። ያን ቀን ያዘንኩት ለከፈልኩት ገንዘብ ብቻ አልነበረም። የምትፈታ ነገር ሳልፈታ፣ የምትታይ ነገር ሳላይ መቅረቴ ነው ያቃጠለኝ።

አሁን ወደ አንቺ ቧንቧ ልመለስ። ውሃው ከየት እንደሚወጣ መጀመሪያ ቁጭ ብለሽ እዪ። ጥርቅም አድርገሽ ዘግተሽው ከአፉ የሚንጠባጠብ ከሆነ ጥፋቱ የጎሚኒው ነው። ስትከፍቺው ብቻ ከእጀታው ሥር፣ እጀታው በተሰካበት ዘንግ ዙሪያ የሚያዥ ከሆነ ደግሞ ምንም መፍታት ላያስፈልግሽ ይችላል፤ ከእጀታው በታች ያለውን ዳዶ ከሩብ ዙር ባነሰ ጠበቅ አድርጊና እዪው። እጀታው ለመዞር እስኪከብድ ግን አታጥብቂው። አንድ ነገር ልብ በዪ፦ ይህ ሁሉ የምልሽ እጀታው ብዙ ጊዜ እየዞረ ለሚከፈተውና ለሚዘጋው ቧንቧ ነው። ሩብ ዙር ብቻ ዞሮ የሚዘጋ ረጅም እጀታ ያለው ከሆነ ውስጡ ሌላ ነው፣ እንዲህ ያለ ጎሚኒ የለውም። እንደነገርሽኝ ከሆነ ያንቺው ፊተኛው ዓይነት ነው።

ከመፍታትሽ በፊት ለምግብና ለመጠጥ የሚሆን አንድ ጀሪካን ውሃ ሙዪ። ከዚያ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋና መዝጊያ ዝጊ፤ የግቢው ሰው ሁሉ ይወቅ። በመጀመሪያው ቀን ይህን ሳላደርግ ፈትቼ ግቢው በውሃ ተጥለቅልቋል፤ ዘንጉም ተስፈንጥሮ ጉንጬን ለጥቂት ሳተኝ። ውሃ በፈረቃ ከሆነም «ዛሬ ተራችን አይደለም» ብለሽ አትተማመኚ፣ ሳይታሰብ ይመጣል። ከዘጋሽ በኋላ ቧንቧውን ከፍተሽ በመስመሩ የቀረውን ውሃ አፍስሺው። ሲከፈት ዘንጉ ከፍ ስለሚል መፍታቱም ይቀልሻል።

አሁን ዘንጉን የያዘውን ትልቁን ዳዶ ወደ ግራ እያዞርሽ ፍቺ። እዚህ ላይ እባክሽ ተጠንቀቂ። በአንድ እጅሽ ቁልፉን ስታዞሪ በሌላው የቧንቧውን አካል በፒንሳ አጥብቀሽ ያዢ፤ ፒንሳ ከአከራይሽ ተዋሺ። ካልያዝሽው ከመሬት የወጣው ብረት አብሮ ይዞርና አሮጌ ከሆነ ከሥሩ ይሰበራል። ያኔ የጠጋኙ ዋጋ ትንሽ ይሆንብሻል። አልፈታ ካለሽ ጉልበት አትጨምሪ፤ የፈላ ውሃ አፍስሺበት፣ ጥቂት ጠብቂ፣ እንደገና ሞክሪ።

ዘንጉ ሲወጣ ጎሚኒውን ከጫፉ ታገኚዋለሽ፣ በትንሽ ቪቴ ተይዛለች። አውጪና አዲሲቱን አስገቢ። ከላክሁልሽ ሦስቱ መጠናቸው ስለሚለያይ ከአሮጌዋ ጋር እያስተያየሽ ምረጪ። አንዳቸውም ልክ ካልሆኑ ከአሮጌ በረባሶ ጎማ ላይ በምላጭ ቆርጠሽ መሥራት ይቻላል፤ እኔ እንዲህ ሠርቼ አንድ ክረምት አሳልፌያለሁ። ብዙ አይቆይም እንጂ ጊዜ ይሰጣል። ሳትገጥሚው ጣትሽን ወደ ቧንቧው ውስጥ አስገብተሽ ጎሚኒው የሚያርፍበትን ክብ ከንፈር ዳብሺ። አሸዋ ወይም ዝገት ከሆነ በጨርቅ ጥረጊ። ተቦርቡሮ ጣት የሚይዝ ከሆነ ግን አዲስ ጎሚኒም አይበጀውም፣ ያኔ ጠጋኙ እውነቱን ነው፣ ይቀየር። ቴፍሎኑ የሚያስፈልግሽ ለዚያ ነው፤ ቧንቧው ከብረቱ ጋር በሚጋጠምበት ጥርስ ላይ ይጠመጠማል እንጂ ለጎሚኒው ሥራ የለውም።

መልሰሽ ስትገጥሚ ዘንጉ እንደተከፈተ ይሁን፣ አለዚያ አዲሲቷን ጎሚኒ ትጨፈልቂያታለሽ። ዋናውን መዝጊያም ቀስ ብለሽ ክፈቺ።

አከራይሽ «ተይው፣ እየተንጠባጠበ ካደረ ውርጩ አይሰብረውም» አሉኝ ብለሽኛል። እርሳቸውን አታስቀይሚ፣ ነገሩ መሠረት የሌለው አይደለም። ውሃ በረዶ ሲሆን ከመቶ 9 እጅ ያህል ይሰፋል፤ ብረት የሚሰነጥቀውም ይኸው ነው። የሚንቀሳቀስ ውሃ ደግሞ ቶሎ በረዶ አይሆንም። ነገር ግን ከቧንቧው ሥር የሚጠራቀመው ውሃ ማለዳ በረዶ ሆኖ ይጠብቃል። አሮጊቷ እናታቸው ሲነጋጋ በዚያ በኩል እንደሚያልፉ ነግረሽኛል፤ አንድ ቀን ቢያንሸራትታቸውስ? ስለዚህ ቧንቧውን ጠግኚና ብረቱን ከመሬት ጀምሮ በአሮጌ ባና ጠቅልይው። በመንዝ ያረጀ ባና አይጠፋም። በላዩ ፌስታል አድርገሽ በሲባጎ እሰሪ፣ ባናው ከራሰ ብርዱን አይከለክልምና። አፉና እጀታው ብቻ ይታዩ።

የሚባክነውን ውሃም በዓይናቸው ቢያዩት ይረዱሻል። እኔ አንድ ማታ ከ2 ሰዓት እስከ ጠዋት 2 ሰዓት ጣሳ ደቅኜ 2 ሊትር አገኘሁ። በቀን 4፣ በወር 120 ሊትር ማለት ነው፤ ስድስት ጀሪካን። እኔ በአንቺ ዕድሜ አንዷን እንስራ ለመሙላት ቁልቁለቱን ወርጄ ምንጭ ዳር ተራ ስጠብቅ ረፋዱ ይደርስ ነበር። ስድስት ጀሪካን መሬት ሲጠጣው ዝም ብዬ ማየት የማልችለው ለዚህ ነው፣ ልጄ።

ስትጨርሺ ደውይልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን። ቁልፉን ለገና ስትመጪ ይዘሽው ነይ። የእኛም የጓሮ ቧንቧ ከዘንጉ ማዥት ጀምሯል፤ አንቺ ስትፈችው አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ማየት እፈልጋለሁ።

እናትሽ