የከፈልኩት ለውድድሩ እንጂ ለዝውውር ወሬው አይደለም

ለ፦ የስፖርት ቻናሉ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ጉዳዩ፦ የፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር ስርጭትን በተመለከተ ቅሬታ ስለማቅረብ

የምዝገባ ዘመኔ ሊያበቃ መሆኑን ገልጻችሁ እንዳድስ መልእክት ልካችሁልኛል። ከማደሴ በፊት እ.ኤ.አ. በ2025 የውድድር ዓመት ስላሳያችሁን ነገር የምለው አለኝ።

ምስሉ የሚመጣላችሁ ከውድድሩ ባለቤቶች እንደሆነ አውቃለሁ፤ ካሜራው ለምን ወዲያ ዞረ ብዬ እናንተን አልወቅስም። ኮሜንታተሩ፣ ስቱዲዮው፣ ማስታወቂያውና የድጋሚ ስርጭቱ ገጽ ግን የእናንተ ናቸው።

የጃፓኑን ውድድር ልጥቀስ። የሬድ ቡል ቡድን አሽከርካሪውን ሊያም ላውሰንን ከሁለት ውድድሮች በኋላ አንስቶ በቦታው ዩኪ ሱኖዳን ያስቀመጠው ልክ ከዚያ በፊት ነበር። ትልቅ ዜና ነው፤ የቅድመ ውድድሩ ሰዓት በሙሉ በእሱ ቢያልቅም ባልከፋኝ። የገረመኝ የመነሻ ምልክት መብራቱ ጠፍቶ መኪኖቹ ከተነሱ በኋላም ወሬው አለመቆሙ ነው። ሱኖዳ 12ኛ ሆኖ ጨረሰ። የፊተኞቹ ስድስት ደግሞ በተነሱበት ቅደም ተከተል ገቡ።

አሰልቺ ነበር? አዎ፣ በጣም። ለምን አሰልቺ እንደሆነ ግን ከእናንተ የነገረን የለም። የጃፓኑ ትራክ የሱዙካ የመጀመሪያው ክፍል አዲስ አስፋልት ስለተነጠፈለት ጎማ ብዙም አላለቀም፤ ስለዚህ ከፊት የነበሩት ሁሉ አንዴ ብቻ ቀይረው ጨረሱ። ጎማ ካላለቀ በመኪኖቹ መካከል የፍጥነት ልዩነት አይፈጠርም፤ ልዩነት ከሌለ ደግሞ የፊተኛው መኪና የሚተወውን የተረበሸ አየር ሰብሮ ማለፍ ዘበት ነው። ይህን ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ በቂ ነው። ተመልካች ምክንያቱን ሲያውቅ ሰልፉንም ቢሆን በትዕግሥት ያያል።

የዕለቱ ትልቁ ቅጽበት አሽከርካሪዎቹ ቬርስታፐንና ኖሪስ በአንድ ዙር ጎማ ቀይረው ከፒት (ከጎማ መቀየሪያው ቦታ) ሲወጡ ጎን ለጎን ተፋጥጠው ኖሪስ ሣር ላይ የወጣበት ነበር። እናንተ ያን ጊዜ በስቱዲዮ ማን የማንን መቀመጫ እንደሚወስድ ታከራክሩ ነበር፤ እኛ ያየነው ድጋሚውን ነው። የ18 ዓመቱ አንቶኔሊ ውድድር በመምራት በዕድሜ ትንሹ አሽከርካሪ ሆኖ ታሪክ የሠራውም በዚያው ቀን ነው። ከኮሜንታተራችሁ ግን አልሰማሁትም፣ በኋላ አንብቤ ነው ያወቅሁት። ስለ አሽከርካሪዎች ማውራት ካማራችሁ እንኳ ወሬው እዚያው ትራኩ ላይ ነበር።

የዝውውር ወሬ የደበዘዘ ውድድር አያደምቅም። ሃሚልተን ወደ ፌራሪ መሄዱን ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ ሰበካችሁልን፤ የመጀመሪያውን ዓመት በእሁድ ውድድር አንዴም የሽልማት መድረክ ላይ ሳይወጣ ጨረሰ። ሱኖዳም ቢሆን ዓመቱ ሲያልቅ መቀመጫውን ለሌላ አሽከርካሪ፣ ለሀጃር ለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሞናኮ ላይ የፊተኞቹ አሥር በተነሱበት ተራ ሲገቡ ችግሩ ከመሪው ጀርባ የተቀመጠው ሰው አልነበረም፤ 2 ሜትር ስፋት ያለው መኪና በዚያች ጠባብ መንገድ ማንን ያልፋል? የ2025 ዋንጫ ግን በ2 ነጥብ ልዩነት ተወስኗል። ስለዚህ ስፖርቱ ሞቷል የሚሉትን አልቀበልም፤ በየእሁዱ የምታቀርቡበት መንገድ ነው ያበሸቀኝ።

የድጋሚ ስርጭቱ ገጽ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በቀጥታ ማየት ያልቻለ ሰው ገና ከመክፈቱ የአሸናፊው ፎቶ ዋንጫ ይዞ ይጠብቀዋል።

አሁን አዲስ ደንብ መጥቷል። ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ የነበረው ዲአርኤስ (ለማለፍ እንዲረዳ የኋላ ክንፉን የሚከፍተው ዘዴ) ቀርቷል፤ መኪኖቹ አጠር፣ ጠበብ፣ 30 ኪሎ ግራም ያህል ቀለል ብለዋል፤ የኃይሉ ግማሽ ገደማም ከኤሌክትሪክ ነው። አሽከርካሪው ባትሪውን መቼ እንደሚቆጥብና መቼ እንደሚያፈስ የሚገልጽልን ሰው ከሌለ ከሩቡ በላይ አይገባንም።

ስለዚህ ውድድሩ እየሄደ ወደ ስቱዲዮ አትመለሱ፤ ማስታወቂያ የግድ ከሆነም ምስሉን በጎን አስቀሩልን። ከኮሜንታተሩ አጠገብ ስለ ጎማና ስለ ሞተር የሚያውቅ ባለሙያ ይቀመጥ። ከድጋሚው ገጽ ላይ ውጤቱን አንሡ። ቀጥታ ስርጭቱ በስቱዲዮ ለተቆረጠበት የጃፓን ውድድር ወርም የከፈልኩት እንዲመለስልኝ ወይም ከሚቀጥለው ክፍያ እንዲቀነስልኝ እጠይቃለሁ።

ምዝገባዬን የማድሰው ወይም የምተወው የጽሑፍ መልሳችሁን አይቼ ነው።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ