የሥነ ጥበብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሰባቱ ፕላኔቶች በሕትመት ሥዕል

ክበባችን በዚህ የትምህርት ዘመን ያጠናው በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጣልያንና በጀርመን የታተሙትን የፕላኔት አማልክት ሥዕሎች ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ አብዛኞቹ አባላት «የእኔ ኮከብ ምንድን ነው?» እያሉ ስለ መጡ፣ ክበቡ ዕጣ ፈንታ እንደማይገልጥ፣ የምንመረምረውም ቀራጮቹ ያንን እምነት እንዴት ወደ ሥዕል እንደ ለወጡት መሆኑን ማስረዳት ነበረብኝ። ሐመል፣ ሰውር፣ አቅራብ የሚሉትን የ12ቱን ከዋክብት ስሞች ከኮከብ ቆጠራው መጽሐፍ ከዓውደ ነገሥት የሰሙ ልጆች መኖራቸው ግን ሥራዬን አቅልሎልኛል።

ብዙ ሳምንት የቆየነው ጣልያናዊው ቀራጭ ባቺዮ ባልዲኒ በ1460ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ገደማ በፍሎረንስ ሠራቸው በሚባሉት የመዳብ ቅርጽ ሕትመቶች ላይ ነው። አምላኩ በሠረገላ ሰማዩን ሲያቋርጥ፣ ከሥሩ «ልጆቹ»፣ ማለትም በእርሱ ኮከብ ተወለዱ የሚባሉት ሰዎች፣ በየሥራቸው ተጠምደው ይታያሉ። በመንኮራኩሮቹ ላይ አምላኩ የሚገዛቸው የከዋክብት ምልክቶች (እነ ሐመል) ተቀርጸዋል፤ አምስቱ ፕላኔቶች ሁለት ሁለት፣ በዚያ ዘመን እንደ ፕላኔት የሚቆጠሩት ፀሐይና ጨረቃ ደግሞ አንድ አንድ ስለሚይዙ ድምሩ 12 እንደሚሆን ያስተዋለችው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት።

ከሁሉ የወደድነው የሜርኩሪን ሥዕል ነው። ልጆቹ ወርቅ አንጥረኞች፣ ሠዓሊዎችና ሐውልት ቀራጮች ናቸው። በመዳብ ላይ ቀርጾ የማተም ሙያ ራሱ ከአንጥረኛ ቤት የወጣ በመሆኑ፣ ቀራጩ የገዛ ሠፈሩን ከሠረገላው ሥር አስቀምጧል ማለት ይቻላል። በአንጻሩ ገበሬዎችና እስረኞች በአንድነት የሳተርን ልጆች መባላቸው ከገበሬ ቤት ለመጡት አባላት አልተዋጠላቸውም፤ እኔም አልተከራከርኳቸውም።

ከሳተርን ጋር የሚያያዘውን የትካዜ ጠባይ ይዘን ወደ ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬኽት ዱረር የመዳብ ቅርጽ ሕትመት ወደ «ሜላንኮሊያ» (ትካዜ) አለፍን። በሥዕሉ ውስጥ ያለው የቁጥር ሰሌዳ ወደ ጎንም፣ ወደ ታችም፣ በሰያፍም ሲደመር 34 ይሰጣል፤ በግርጌው መካከል የተቀመጡት 15 እና 14 ደግሞ ሥዕሉ የተሠራበትን 1514 (እ.ኤ.አ.) ያመለክታሉ። የሒሳብ ክበብ አባላት ይህን ሊያዩ መጥተው ሁለት ቀን አብረውን ቆይተዋል።

በመጨረሻው ወር እያንዳንዱ ቡድን አንድ አምላክ መርጦ በሊኖሌም (ለመቅረጽ በሚመች የወለል ንጣፍ) ቁራጭ ላይ ቀረጸ። ጽሑፍ ተገልብጦ መቀረጽ እንዳለበት ሳልነግራቸው በመቅረቴ፣ ስሞቹ ሁሉ ከቀኝ ወደ ግራ ታትመው ወጡ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሁሉም እንደ ገና ቀርጸው ያሳተሟቸው ሰባቱ ሥዕሎች አሁን በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ይገኛሉ፤ «ር» እና «ን» ፊታቸውን ያዞሩበት የመጀመሪያው «ሳተርን» ግን በቡድኑ ጥያቄ ከጎናቸው ተሰቅሏል።