አስቸጋሪውን መስመር የሚመርጡ ሰዎች አልተሳሳቱም

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በስፖርት ገጾቻችሁ ስለ ሩጫ የምታቀርቧቸውን ጽሑፎች ከምኖርበት ከስቶክሆልም ሆኜ እከታተላለሁ። የአትሌቶቻችን ሰዓትና ደረጃ በዝርዝር መቅረቡ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ ሩጫ እግርና ሳንባ ብቻ የሚፈተኑበት ነገር ሆኖ እየታየ መምጣቱ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ አነሳስቶኛል። በዚህ አገር ካርታና ኮምፓስ ይዞ ጫካ ውስጥ የሚሮጥበት፣ ኦሪየንቴሪንግ የሚባል ስፖርት አለ። እዚህ ለሚኖሩ ወገኖቼ ስለ ስፖርቱ ባነሳሁ ቁጥር «ደህና መንገድ እያለ ጫካ ለጫካ መንከራተት ምን የሚሉት መዝናናት ነው?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልስ ይገባዋል።

ስፖርቱ በስዊድን በሰፊው መታወቅ የጀመረው ኤርንስት ኪላንደር የተባለ የጦር መኮንንና የስካውት መሪ እ.ኤ.አ. በ1919 በስቶክሆልም አቅራቢያ ከ200 በላይ ተወዳዳሪዎችን ካሰለፈ በኋላ ነው። ኪላንደርን ያሳሰበው ወጣቶች ከመም ሩጫ እየራቁ መሄዳቸው ነበር፤ መፍትሔውም ሩጫውን ማቅለል ሳይሆን በላዩ ላይ ሌላ ችግር መጨመር ሆነ። ዛሬ በዚህ አገር ውድድሮች ላይ ሕፃናትም ሆኑ ከ80 ዓመት በላይ የሆናቸው አዛውንቶች በየዕድሜያቸው ይሰለፋሉ።

ሯጩ የሚሄድበት መንገድ አልተሠመረለትም። ካርታው ላይ በቅደም ተከተል የተመለከቱትን መቆጣጠሪያ ነጥቦች፣ ማለትም ብርቱካንማና ነጭ ጨርቅ የተሰቀለባቸውን ቦታዎች፣ ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በየት በኩል እንደሚሄድ የሚወስነውም እሱ ነው። የውድድር መስመሮቹ፣ ማለትም የነጥቦቹ ቅንብሮች፣ እንደ ክብደታቸው በቀለም ይለያሉ፤ አረንጓዴው ለጀማሪ፣ ጥቁሩ ለበረታ ነው። በቀላሉ መስመር ላይ ነጥቦቹ ከመንገድ ዳር ስለማይርቁ መሳሳት ይከብዳል። በከባዱ ላይ ግን ከትንሽ ጉድባ ውስጥ ወይም ከቋጥኝ ጀርባ ይቀመጣሉ፤ በዙሪያቸውም ይህን የሚመስል ሌላ ብዙ ጉድባና ቋጥኝ አለ።

ከአንዱ ነጥብ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት በቀጥታ 800 ሜትር ቢሆንና መሐሉ ላይ ኮረብታ ቢኖር ምን እንደሚፈጠር ላስረዳ። ካርታው ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት ቡናማ የከፍታ መስመሮች በ5 ሜትር የከፍታ ልዩነት የተሣሉ ስለሆኑ፣ ሯጩ ስምንት መስመር ከቆጠረ 40 ሜትር ሽቅብ ይጠብቀዋል ማለት ነው። በስፖርተኞቹ ዘንድ በተለመደው ግምት አንድ ሜትር ሽቅብ መውጣት ሜዳ ላይ 10 ሜትር እንደመሮጥ ስለሚታሰብ፣ ቀጥተኛው መንገድ 1,200 ሜትር ያህል ይሆንበታል። ኮረብታውን የሚዞረው የእግር መንገድ 1,300 ሜትር ቢሆን ሒሳቡ ለቀጥተኛው ያደላል፤ ነገር ግን ከኮረብታው ግርጌ ረግረግ ካለ፣ ወይም ጫካው ካርታው ላይ በጠቆረ አረንጓዴ ከተቀባ፣ ያም ማለት ጥቅጥቅ ብሎ የማያስሮጥ ከሆነ፣ ሒሳቡ ይገለበጣል። ይህ ሁሉ የሚታሰበው ቆሞ አይደለም፤ ትንፋሽ እየተቆራረጠ፣ ጫማ ውኃ እየቋጠረ፣ አውራ ጣት ካርታው ላይ ያሉበትን ቦታ እንደያዘ ነው። ከካርታና ከኮምፓስ በቀር ስልክም ሆነ ሌላ መሣሪያ አቅጣጫ ለማግኘት መጠቀም በውድድር ደንብ የተከለከለ ነው። (ልጆቻችን ሰፈር ውስጥ እንኳ ስልክ ካልመራቸው የማይሄዱበት ዘመን ስለሆነ ይህ ክልከላ ብቻውን ስፖርቱን ያስወድደኛል።)

ደስታው የሚመጣው ከስቃዩ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ረግረግ ውስጥ እስከ ጉልበት መግባት በራሱ የሚያስደስት ነገር የለውም። ደስ የሚለው፣ የሥራና የቤት ሐሳብ ሁሉ ጠፍቶ ካርታውና መሬቱ ብቻ የሚቀሩበት ሰዓት ነው፤ ይህ ደግሞ ቀላሉ መስመር ላይ አይገኝም፤ ቀላሉ ለሌላ ሐሳብ ቦታ ይተዋልና። ካርታው ላይ ያለችው ቡናማ ጭረት እፊት ለፊት ካለው ተረተር ጋር ስትገጥም የሚሰማው እርካታም መጠራጠር ያልቀደመው ሰው የሚያውቀው አይደለም።

ይህን ስል አስቸጋሪ የሆነ ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። አዘጋጆች ነጥቡን ምንም ምልክት በሌለበት ቁጥቋጦ ውስጥ ሲሸሽጉት ስፖርተኞቹ «ቢንጎ» ይሉታል፤ የሚያገኘው የበረታው ሳይሆን ዕድል የቀናው ነውና። ካርታው ከመሬቱ ጋር ሳይገጥም ሲቀርም እንዲሁ ነው። ጥሩ መስመር ከባድ ቢሆንም ፍርዱ ትክክል ነው፤ የጠፋው ሯጭ በኋላ ካርታውን ሲያይ የት ላይ እንደሳተ በግልጽ ያገኘዋል። አዲስ ሰው ሲመጣ ለዓመታት በቀላሉ መስመር ላይ ብቻ ማቆየት ደግሞ፣ በቅን ልቦና ቢደረግም፣ የስፖርቱን ዋና ጣዕም መንፈግ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። በእንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ በየማለዳው የሚሮጠው ሰው ብዙ ነው፤ ሸንተረሩ፣ ጉድባው፣ ቋጥኙ፣ የሚቆራረጠው የእግር መንገድ ሁሉ ለዚህ ስፖርት የተመቸ ነው። የጎደለው ካርታው ነው። በአገራችን የሚታወቀው የ1:50,000 ካርታ ለዚህ አይሆንም፤ በእሱ ላይ አንድ ሚሊሜትር 50 ሜትር ስለሆነ አንዲት ትንሽ ጉድባ ጨርሶ አትታይም፤ ለኦሪየንቴሪንግ የሚያስፈልገው 1:10,000 ወይም 1:15,000 ነው። ሥራውን የሚያውቁ የካርታ ባለሙያዎች በአገራችን ስላሉ፣ ዝግጅት ክፍሉ ከእነርሱ አንዱን ጋብዞ እንዲህ ያለውን ካርታ ለእንጦጦ አንድ ክፍል ብቻ ለማዘጋጀት ምን እንደሚጠይቅ ቢያስጽፍልን፣ እኔም እዚህ የሚሠራበትን ዘዴ ለማካፈል ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከስቶክሆልም