ባለጭነቱ የከፈለው ዋጋ ለሹፌሩም ይታወቅ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የኮምቦልቻ ከተማ ነዋሪ ስሆን የምተዳደረው በአንዲት ኤፍኤስአር አይሱዙ ነው፤ ባለንብረቷም ሹፌሯም እኔው ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣሁት በከተማችን ጭነት የሚገኝበት አሠራር እንደ እኔ በአንድ መኪና ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሰዎችን ከሥራ እያስወጣ ስለሆነ ነው።

ኮምቦልቻ ጭነት የላትም ተብላ አትታማም። አንዱ መንገድ በከሚሴና በደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ይገባል፤ ሌላው በደሴ በኩል ወደ ወልዲያና መቀሌ ይዘልቃል፤ ሦስተኛው በባቲ ወርዶ ሚሌ ላይ የጅቡቲን ጎዳና ያገኛል። ደረቅ ወደቡ፣ የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፋብሪካዎቹ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሁሉም መኪና ይፈልጋሉ። ችግሩ ዋጋው የሚታወቀው በደላላ ስልክ ውስጥ ብቻ መሆኑ ነው፤ ደላላው ከባለጭነቱ ጋር በስንት እንደተስማማ ሹፌሩ አያውቅም፣ ለሹፌሩ ስንት እንደደረሰው ደግሞ ባለጭነቱ አያውቅም። የናፍጣ ዋጋ በየማደያው ተጽፎ ለሁሉም ሲታይ፣ ያንን ናፍጣ የሚገዛው የኪራይ ገንዘብ ግን ተሸሽጎ ይኖራል።

ባለፈው ዓመት 70 ኩንታል ዱቄት ጭኜ ወልዲያ ሄድኩ። ነጋዴው በመጋዘኑ በር ቆሞ ጆንያ እየቆጠረ፣ «ይህን ሁሉ ኪራይ ከፍዬ እንዴት አንድ ቀን ታዘገየኛለህ?» ብሎ ወቀሰኝ። ስንት እንደከፈለ ብጠይቀው የነገረኝ ዋጋ ለእኔ ከተሰጠኝ በሲሶ የሚበልጥ ሆኖ አገኘሁት። በኋላ ሳጣራ ጭነቱ እኔ ዘንድ እስኪደርስ በሦስት ደላሎች እጅ አልፏል፤ ሁለቱን እስከ ዛሬ በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። የሐረጎን ዳገት በከባድ ማርሽ እየጎተትኩ የወጣሁት፣ የረዳቱን አበል የከፈልኩት፣ ወልዲያ ላይ ሁለት ቀን የመልስ ጭነት ጠብቄ ባዶ የተመለስኩት ግን እኔ ነኝ።

ደላላ ይጥፋ አልልም። ጭነት ፈልጎ ለሚያገናኝና ለባለጭነቱ ዋስ ለሚሆን ሰው ኮሚሽን ይገባዋል፤ የሚገባው ግን አንድ ጊዜ ነው። በደርግ ዘመን ጭነት በቀጠና ይደለደል የነበረበት አሠራር እንዲመለስም አልመኝም፤ በ1984 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ገበያው ነፃ መሆኑን የምደግፈው ከልቤ ነው። ነገር ግን አንደኛው ወገን ዋጋውን ሳያውቅ የሚገበያይበት ገበያ ነፃ ነው ለማለት ይከብደኛል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በየከተማው የዋጋ ሰሌዳ መተከሉ፣ አርሶ አደሩ አዲስ አበባ ላይ የዋለውን ዋጋ ሳያውቅ እንዳይሸጥ ለማድረግ ነበር። ለእህል የተቻለው እህሉን ለሚያጓጉዘው የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለሆነም የከተማው አስተዳደርና የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ከማኅበራት ጋር ተነጋግረው፣ መኪኖች ተራ በሚጠብቁበት ቦታ መነሻው፣ መድረሻው፣ የዕቃው ዓይነት፣ የኩንታሉ ብዛትና ባለጭነቱ የሚከፍለው ዋጋ የሚለጠፍበት ሰሌዳ እንዲያቆሙ እጠይቃለሁ። አንዳንድ ነጋዴዎች ተፎካካሪ ያውቅብናል ብለው እንደሚሰጉ ሰምቻለሁ፤ ስማቸው ሰሌዳው ላይ መውጣት የለበትም፣ ዋጋው ይበቃል። ያው ዋጋ ከደላላው ኮሚሽን ጋር በመጫኛ ወረቀቱ ላይ ቢሰፍር ደግሞ፣ ወልዲያ ወይም ባቲ ላይ ዕቃውን የሚረከበው ሰውና ሹፌሩ አንድ ወረቀት እያዩ ይነጋገራሉ።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጀመር ካስቸገረ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት ማዳበሪያ ወደየወረዳው በሚጓጓዝበት ወቅት ይሞከር። በዚያን ጊዜ የሚንቀሳቀሱት አብዛኞቹ እንደ እኔ ያሉ አነስተኛ መኪኖች ናቸው፤ መንገዱም ባለጭነቱም የታወቀ ስለሆነ ሰሌዳው መሥራት አለመሥራቱ በአንድ ወር ውስጥ ይለያል።

ከአክብሮት ጋር
ባለንብረት ሹፌር፣ ከኮምቦልቻ