ደብዳቤ ለልጄ፦ በየ3 ወሩ አንድ ዘመድ

ወለላዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴ ብርዱ ጀምሯል። ጦሳ ጉም ለብሶ ነው የሚያረፍደው። ጋቢው ደርሶሽ ከሆነ ለእናትሽ ደውለሽ ንገሪያት። በየቀኑ እየጠየቀችኝ ነው።

ሐሙስ ማታ ስትደውዪ ድምፅሽ ልክ አልነበረም። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። የደም ልገሳ ፖስተርሽን ክፍል ውስጥ ስታቀርቢ "በጣም ቀላል ነው፣ ፈጠራ ይጎድለዋል" ተባልሽ። አሁን ለኤግዚቢሽኑ ሌላ ሥራ ልታመጪ ነው። አዲሱ ሐሳብሽ ቪዲዮ ነው፤ ደም ጠፍቶ ልጇ የሞተባት እናት፣ ለቅሶ፣ ዋሽንት፣ መጨረሻ ላይ "እውነተኛ ታሪክ" የሚል ጽሑፍ። እናትየዋን ግን አታውቂያትም። አንቺ የፈጠርሻት ናት። ይህን ስትነግሪኝ ዝም ያልኩት ተስማምቼ አይደለም። ምን ብዬ እንደምጀምር ስለጠፋኝ ነው።

ፖስተሩን አትጣዪው ልጄ።

በቴሌግራም የላክሽውን በስልክ አይቼ አልበቃኝም። ፒያሳ ወስጄ በትልቁ አሳተምኩትና ሱቄ በር ላይ ለጠፍኩት። በየሳሎኑ እንደሚሰቀለው ያለ የቤተሰብ ፎቶ፤ አባት፣ እናት፣ አያት፣ ልጆች። ዳር ላይ ፊቱ ያልተሳለ አንድ ሰው ቆሟል። ከሥሩ "በየ3 ወሩ አንድ ዘመድ" ይላል። ሰው ቆሞ ያነበዋል። ሕፃናት ፊት የሌለውን ሰው በጣታቸው ይነኩታል። ማክሰኞ ዕለት አንድ ወዛደር ሸክሙን አወረደና ቆመ። ካነበበ በኋላ ከሥር ያለውን ትንሹን ጽሑፍ ለማየት ጎንበስ አለ። ከዚያ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። "ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ... ጥር ላይ ደግሞ ሌላ ዘመድ ማለት ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት። "የት ነው የሚሰጠው?" አለ።

ማንም አላስለቀሰውም። ራሱ ቆጥሮ ራሱ ደረሰበት።

አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ። የተለገሰ ደም ፍሪጅ ውስጥ የሚቆየው 35 ቀን፣ እንደ ማቆያው ዓይነት ቢበዛ 42 ቀን ነው ብለሽኛል። ደም የሚያመርት ፋብሪካ የለም። አንድ ቀን ሕዝብ ተሰብስቦ ቢሰጥ፣ ከሁለት ወር በኋላ ያ ሁሉ የለም። ስለዚህ የሚያስፈልገው ተመልሶ የሚመጣ ሰው ነው። ቪዲዮውን ያየ ሰው ያን ዕለት ማታ ያለቅስ ይሆናል። ሲነጋ ሥራው ላይ ነው። ያንቺ ዓረፍተ ነገር ግን ቀጠሮውን በውስጡ ይዟል። ያነበበው ሰው ጥርን እያሰበ ይሄዳል።

ሌላም ያየሁት አለ። ምናልባት አንቺም አላስተዋልሽውም። የመጀመሪያው ረቂቅሽ "ደምህን ለግስ" ነበር። በአማርኛ ሰውን ማዘዝ አስቸጋሪ ነው። "ለግስ" ስትዪ ሴቱን ተውሽ። "ለግሺ" ስትዪ ወንዱን ተውሽ። "ይለግሱ" ስትዪ ደግሞ እንደ መሥሪያ ቤት ማሳሰቢያ ይሆናል። አሁን ያለው ግስ የለውም። ወንዱም ሴቱም፣ ትንሹም ትልቁም ለኔ ነው ብሎ ያነበዋል። ደግሞ "ደም" የሚለውን ቃል ከትልቁ ጽሑፍ አውጥተሽዋል። ይህ እኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። ወሎ ውስጥ መንገድ ላይ ደም የሚል ቃል ስታነቢ መጀመሪያ የሚመጣብሽ ደም መላሽ ነው፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ደም ሲያደርቁ ነው። አንቺ ያንን ትተሽ ዘመድ አልሽ። ይህን ቀላል ያለ ሰው ስንት ረቂቅ ቀድደሽ እዚህ እንደደረስሽ አላየም። እኔ አይቻለሁ። ክረምቱን ሙሉ ምድጃው ዳር ስትጽፊና ስትሰርዢ ነበር።

አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰን አስቢያቸው። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ናቸው። በ1950ዎቹ የቱሪዝምን ሥራ ሲጀምሩ አገሪቱን ለውጭ ሰው የሚጠራ አንድ ቃል ፈለጉ። ያገኙት በየቤቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ነው። ጳጉሜን። አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት። እኛ ለዓመት በዓል ሽር ጉድ ስንል የምናሳልፋት ትንሽ ወር። እሳቸው ግን የ13 ወር ፀሐይ ብለው ለዓለም አስተዋወቋት። በአማርኛም የ13 ወር ፀጋ ሆና ቀረች። በኋላ ምድረ ቀደምት የሚለው ተተክቷል። ያችኛዋ ግን እስከ ዛሬ ከሰው አፍ አልጠፋችም። ምንም የጨመሩት ነገር አልነበረም። ያለውን ነው ያዩት። አንቺም "በየ3 ወሩ" የሚለውን ከጤና ባለሙያ መመሪያ ላይ አንስተሽ ዘመድ አደረግሽው።

አሁን ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ልንገርሽ። አንቺ ገና ሳትወለጂ፣ ታፔላ መጻፍ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ሰው ሱቅ ከፈተና "ንጹሕ የላስታ ማር" ብለህ ጻፍልኝ አለኝ። ልለካ ስገባ ከጓሮ ስኳር ሲፈላ አየሁ። ምን እንደሆነ ገብቶኛል። የቤት ኪራይ ደርሶብኝ ስለነበር ጻፍኩት። ቢጫ መደብ፣ ጥቁር ፊደል፣ እንደዚያ ያማረ ሠርቼ አላውቅም። ከወራት በኋላ አንዲት ጎረቤታችን ለሚያስላት ልጇ ከዚያ ሱቅ ገዛች። ስኳር መሆኑን ስታውቅ ወደ ባለሱቁ አልሄደችም። ወደኔ ነው የመጣችው። "ያንተን ጽሑፍ አምኜ ነው እኮ" አለችኝ። ሌላ ምንም አልተናገረችም።

ባለፈው ዓመት የማስታወቂያ አዋጁን፣ ያንን ቁጥር 759/2004፣ ለፈተና ስታጠኚ ጮክ ብለሽ ስታነቢ ነበር። ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያ ይከለከላል የሚለው ጋ ስትደርሺ ተነስቼ ወጣሁ። እናትሽ ምን ሆንክ አለችኝ። ያቺ ሴት ትዝ ብላኝ ነበር። "እውነተኛ ታሪክ" የሚለውን ጽሑፍሽን ስሰማም እሷው ናት የመጣችብኝ። ደም ጠፍቶባት ልጇን ያጣች እናት በእውነት አለች። ታሪኳን ልትነግርሽ ፈቅዳ ብትነግርሽ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ቪዲዮውን ሥሪው፣ እኔም አግዝሻለሁ። ሳትኖር ግን አለች አትበዪ።

ሌሎቹንም ሥራዎችሽን እወዳቸዋለሁ። የበርበሬ ማሸጊያውን፣ ዶርም ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንባችሁ የቀዳችሁትን የ30 ሰከንድ የእጅ መታጠብ የሬዲዮ ማስታወቂያ። የውሃው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እነሱ ጥሩ የተማሪ ሥራዎች ናቸው። ፖስተሩ ከዚያ ያልፋል።

ግን መታረም ያለበት አለ። ትልቁ ጽሑፍ ደህና ነው። ከሥሩ ያለው ትንሹ፣ "በዓመት እስከ 4 ጊዜ መስጠት ትችላላችሁ" የሚለው፣ ፊደሉ ቀጥኗል። ወዛደሩ ጎንበስ ያለው ለዚህ ነው። መንገዱን ተሻግሬ ቆሜ አየሁት። የ"ች" ቆብ ጠፍቶ "ት" ሆኗል። በእጅ ስንጽፍ የ"ሸ"ን፣ የ"ቸ"ን፣ የ"ኘ"ን ቆብ ሆን ብለን እናወፍረው ነበር፤ ከሩቅ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ኮምፒውተሩ ይህን አያውቅልሽም። ወፍራም ፊደል ምረጪ፣ በቃላቱ መካከል ያለውን ክፍተት ጨምሪ። ከዚያ ዶርሙ ግድግዳ ላይ ለጥፊውና ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ሄደሽ አንብቢው። ጓደኞችሽንም አስነብቢ፤ በተለይ መነጽር የምታደርገውን።

ስታቀርቢ ደግሞ ረቂቆቹን ሁሉ ይዘሽ ግቢ። "ደምህን ለግስ" ከሚለው ጀምረሽ አሳዪያቸው። ለምን ግሱን እንደጣልሽው፣ ለምን ደም የሚለውን እንዳወረድሽው በራስሽ አፍ አስረጂ። ይህን ሲሰሙ ሐሳባቸውን ይለውጡ ይሆናል። ባይለውጡም ይዘሽው ቁሚ።

ረቡዕ ጠዋት ከወዛደሩ ጋር ደም ባንክ ሄደን ሰጠን። እሱ መርፌ ይፈራል፤ እጄን ይዞ ነው የተቀመጠው። ሲጨርስ ካርዱን ደጋግሞ አየው። ጥር ላይ አብረን እንሄዳለን። አንቺም ያኔ እረፍት ላይ ትሆኛለሽ፣ ሦስታችን እንሄዳለን ብዬዋለሁ።

ስለ ጋቢው እንዳትረሺ።

አባትሽ
ደሴ