አዋሽ ላይ ያስተማርኩህ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከረምክ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። የድሬ ሙቀት ግን ዘንድሮ ብሶበታል። ደቻቱ አሸዋ ብቻ ሆኗል፣ እናትህም አልጋዋን ግቢ አውጥታ ነው የምትተኛው።

እዚያ አውስትራሊያ፣ ከሜልቦርን ወጥተህ ያራዎንጋ ከተማ አጠገብ፣ መሬይ ወንዝ ላይ የተነሳኸው ፎቶ ደረሰኝ። ደስ ብሎኝ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየሁ። ፊትህን አይቼ ከጠገብኩ በኋላ ነው ዓሣውን ልብ ያልኩት። «መሬይ ኮድ ያዝኩ፣ ፎቶ ተነስቼ ለቀቅኩት» ብለሃል። ሦስት ሌሊት ስልኬ ላይ ሳነብና ፎቶ ከፎቶ ሳስተያይ አመሸሁ። ልጄ፣ ያ ዓሣ ትራውት ኮድ ነው።

እስቲ አጉልተህ እየው። የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው አልፎ ወጥቷል። ዓይኑን አቋርጦ ጥቁር መስመር ያልፋል። ገላው ላይ ያለውም ጥቃቅን ነጠብጣብ ነው። መሬይ ኮድ አረንጓዴ ዝንጉርጉር ነው፣ የላይኛው መንጋጋውም እንዲህ አያልፍም። ሁለቱ ቢመሳሰሉብህ አልፈርድብህም። ምሁራኑም ለይተው የቆጠሯቸው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ግን ትራውት ኮድ ሊጠፋ የተቃረበ ዓሣ ነው። ከጥንት ጀምሮ በራሱ እየተራባ የቆየው መንጋ የቀረው እዚያው መሬይ ላይ፣ ከያራዎንጋ እስከ ቶከምዋል ባለው ክፍል ነው። አንተ የቆምክበት ቦታ ማለት ነው። ለሌላ ዓሣ የተወረወረ መንጠቆ ሳይታሰብ እሱን ይይዘዋል።

«ለቀቅኩት እኮ» እንደምትለኝ አውቃለሁ። መልቀቅህ ግዴታም ነው፣ ደግም አድርገሃል። ነገር ግን ዋኝቶ ሄደ ያልነው ዓሣ ቆይቶ ሊሞት ይችላል። ይህን ያላስተማርኩህ እኔ ነኝ።

ምድር ባቡር እያለሁ አዋሽ ይዤህ ስወርድ ትዝ ይልሃል? ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። አምባዛውን አውጥተን አቧራው ላይ እንጥለዋለን፣ ጢሙን እያወዛወዘ ይንፈራገጣል። በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለነው ከሰዓታት በኋላ ስንፈታው ነፍሱ አለች። አንተ ስትደነቅ «አቦ ዓሣ ጠንካራ ነው፣ ዝም ብሎ አይሞትም» አልኩህ። አምባዛ ግን ውኃ ውስጥ ከሚተነፍስበት ስንጥቡ ሌላ አየር የሚስብበት አካል አለው። የሚቆየው ለዚያ ነው። ትራውት ኮድ ያ የለውም። ከውኃ ሲወጣ የስንጥቡ ቀጫጭን ክሮች እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። እኔ በአምባዛ የዓሣን ዘር ሁሉ ለክቼ ነበር።

ፎቶው ላይ ሆዱን አሸዋ ለብሷል። አየኸው? ያ አሸዋ የተጣበቀው ልጋጉ ላይ ነው። ልጋጉ ደግሞ ከበሽታ የሚከላከልለት ልብሱ ነው፣ በደረቅ እጅ ስትይዘው ይላጣል። ስለዚህ መጀመሪያ እጅህን ውኃ ውስጥ ንከር። በመንጋጋው አታንጠልጥለው፣ በሌላኛው እጅህ ከሆዱ በታች ደግፈው። የሚሻለው ግን ከነጭራሹ ሳታወጣው እዚያው ውኃው ውስጥ መንጠቆውን መንቀል ነው። ከዋጠው አትጎትት፣ ክሩን ከአፉ ጠጋ አድርገህ ቁረጠው። ከዚያ ፊቱን ወደሚመጣው ውኃ አዙረህ ያዘው። ራሱ ገፍትሮህ እስኪሄድ ጠብቅ፣ አትወርውረው። ውኃው በሚሞቅበት ቀን ደግሞ ኦክስጅኑ ስለሚያንስ ቶሎ ይደክማል፣ ያን ቀን ባታጠምድ ደስ ይለኛል።

ሴፕቴምበር፣ ኦክቶበርና ኖቬምበር መሬይ ኮድ ማጥመድ ክልክል እንደሆነ ሰምተሃል መሰለኝ። የመራቢያቸው ጊዜ ነው። ወንዱ በወደቀ ግንድ ውስጥ እንቁላሉን ይጠብቃል። እሱን መንጠቆ ከወሰደው እንቁላሉ ጠባቂ አጣ ማለት ነው። በእነዚያ ወራት ለሌላ ዓሣም ቢሆን እዚያ አትወርውርብኝ።

ስትሄድ ሻንጣህ ውስጥ የከተትኩልህ አሮጌው የምድር ባቡር ፒንሳ አለ አይደል? መንጠቆው ጫፍ ላይ ወደ ኋላ የዞረችውን ትንሿን እሾህ በሱ ጨፍልቃት። መንጠቆው በቀላሉ ይወጣልሃል፣ አፉንም አይቀድደውም። ሌላ ፎቶ ስትልክልኝ ዓሣው ውኃው ውስጥ ይሁን። አንተን ብቻ አጉልተህ አንሳልኝ።

እናትህ ሳመው ብላኛለች።

አባትህ፣ ከድሬዳዋ